የውድነሽ አሠራር

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የወንዴራ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የአሥር ሺህ ሜትር ቡድን ይተኛል። አሥራ አራት አልጋ አለ። አሥራ አራት ልጆች መለያቸውን ለብሰው፣ ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው በጀርባቸው ይጋደማሉ። ነርሷ እግራቸው ላይ ስስ ብርድ ልብስ ትጥልላቸዋለች። አሰልጣኞቹ አንገታቸው ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥለው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ሰዓቶቹ ከቆሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን አሰልጣኝ ያለ ሰዓት ደስ አይልም ተብሎ ማንጠልጠሉ አልቀረም። ማሽን አርባ ደቂቃ ከለካቸው በኋላ፣ ቢሮጡ ይሆን የነበረው ውድድር ይነበባል።

አንባቢው ጎበዝ ነው። «አሥራ ስምንተኛው ዙር ላይ ሦስቱ ተነጥለው ወጡ!» ሲል የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ ብድግ ይላል። «ደወል!» ሲል ጩኸቱ አዳራሹን ይንጠዋል። የሚጮኸው ዓይኗን ጨፍና ለተጋደመች ልጅ ነው፤ «አይዞሽ! በርቺ!» እየተባለ። አንዳንዷን እንቅልፍ ይወስዳታል። ያሸነፈችው እሷ ከሆነች ነርሷ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ትነግራታለች፤ ሜዳሊያው ይጠለቅላታል፤ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይሄዳል።

እኔ ዳምጠው ቱፋ እባላለሁ። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ስፖርተኞቹ ደረጃ እንዳይወጡ፣ አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ሲል እንዳይሮጡ፣ ከሕንፃ ሕንፃ በኤሌክትሪክ ጋሪ እንዲመላለሱ መቆጣጠር የእኔ ሥራ ነው። የሮጠ እግር ልኬቱ ለስድስት ሳምንት ይዛባል፤ ይህም በመመሪያው ማጭበርበር ይባላል። በእኔ ፊርማ ሦስት ልጆች ከቡድኑ ተባረዋል። አንዷ የሮጠችው ውሻ አሯሩጧት ነው። ይግባኝ ብላ ነበር፤ ግን ውሻው ስለመኖሩ ማስረጃ ማቅረብ አልቻለችም።

አልጋ ቁጥር ስምንት ላይ የምትተኛው ኦብሴ የጎረቤቴ የወይዘሮ ውድነሽ ጉደታ ልጅ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። በሦስት ዓመት ውስጥ መቶ ስምንት ጊዜ ተወዳድራ መቶ ስምንቱንም ጊዜ አሥራ አንደኛ ወጥታለች። አንድ ሰኞ አሥረኛ ተብላ ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት ስህተት ነው ተብሎ ተስተካከለ።

ሰኔ ሠላሳ የማጽኛ ቀን ነው። የሦስተኛ ዓመት ስፖርተኛ የውጤት ቁጥር በዚያ ቀን ይጸናል፤ መታወቂያው ላይ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ማንም አይለካውም፤ እሱም በሕይወት ዘመኑ ላይሮጥ ይፈርማል። ይህን እንደ ጭካኔ የሚያየው ሰው የለም። ልጆቹም የሚጨነቁት ለፎቶው በሚለብሱት ልብስ ነው። ኦብሴ ግን አንድ ነገር ፈለገች። ከመጽናቷ በፊት መሮጥ ፈለገች፤ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ መስመር ላይ ቆማ፣ ተኩስ ሰምታ፣ ሃያ አምስት ዙር።

መንገድ አልነበረውም አይባልም። መመሪያው ውስጥ «ክፍት ቀን» የሚል አንድ አንቀጽ ሳይሰረዝ ቀርቷል። የስፖርት ዳይሬክተሩ ከፈቀደ በዓመት አንድ ቀን ሜዳው ይከፈታል፤ በዚያ ቀን መሮጥ ማጭበርበር አይሆንም። የቀድሞው ዳይሬክተር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልፈቀዱም። ሜዳው ላይ ሣር በቀለበት፤ የምረቃ ወንበሮች እየተደራረቡ ይቀመጡበት ጀመር። በ2079 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዳይሬክተሩ ጡረታ ወጡና አዲስ ዳይሬክተር የሚመርጥ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አራቱ በሹመት የሚገቡ ናቸው፤ አንዱ ከሠራተኛው በዕጣ ይወጣል። እኔ በሹመት ገባሁ። ዕጣው ለውድነሽ ደረሳት።

ውድነሽ ሃያ ስድስት ዓመት የዩኒቨርሲቲው የስብሰባ ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። ስለ ሥራዋ ትንሽ መናገር አለብኝ።

ቃለ ጉባኤ ድሮ የሚፈረመው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነበር። ችግሩ ተሰብሳቢ ከምሳ በኋላ አይገኝም። አንዱ ለቅሶ አለበት፣ አንዱን መኪና ይጠብቀዋል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይጠፋል። ውድነሽ ለአንድ ስብሰባ ፊርማ ለማሟላት ሳምንት ሙሉ በየቢሮው ደጅ ትጠና ነበር። በሦስተኛ ዓመቷ መላ አገኘች። ሰው በር ላይ «ተገኝቻለሁ» ብሎ የሚፈርምበትን ወረቀት ከላይ ሁለት ሦስተኛውን ባዶ ትታ ስሞቹን ከግርጌ ዘረዘረቻቸው። ሰው ሲገባ ይፈርማል፤ ውሳኔው በኋላ ባዶው ላይ ይጻፋል። ፊርማና ውሳኔ አንድ ገጽ ላይ ሆኑ፤ ደጅ መጥናት ቀረ።

ነገሩ ተወደደ። «የውድነሽ አሠራር» ተባለና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሰው እየላኩ ሠለጠኑበት። የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። እሷ ራሷ አንድ ቀን እንኳ ያልተባለ ነገር ባዶው ላይ ጽፋ አታውቅም። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድም ፈራሚ «ይህ ባዶ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በሚመረጥበት ስብሰባ ላይ ማሽን አይገባም። ድምፅ አይቀረጽም፤ ስልክ ውጭ ይቀራል። ሕጉ የወጣው ሰውን ከማሽን ለመጠበቅ ነበር። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለ ምስክር የሚሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ውድነሽና እኔ የምንኖረው በዩኒቨርሲቲው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ግድግዳ ይለየናል። ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» እንባባላለን፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ «አንተ» እና «አንቺ» ነን። ኦብሴን ታቅፌ አሳድጌያታለሁ ማለት እችላለሁ። ከስብሰባው በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት ውድነሽ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ና ማለቷ ነው።

ሻይ ቀድታ ጠበቀችኝ። ኦብሴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጫማ ትወለውላለች። ከሥሩ ሹል ብረት ያለው የሩጫ ጫማ ነው። እንደዚያ ዓይነት ጫማ በዓይኔ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«አሰልጣኝ ከፍያለው ሰጡኝ። አድርጌ አልሄድኩበትም፣ ጋሼ። እግሬን አስገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻ ነው ያየሁት።»

አሰልጣኝ ከፍያለው ሮባ ከሁለቱ ዕጩዎች አንዱ ነበሩ፤ ሌላዋ ልጆቹን የሚለካው የልኬት ክፍል ኃላፊ ዶክተር ናርዶስ ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በወንዴራ እየሮጠ የሚወዳደር ቡድን አሠልጥነው ከሚያውቁት ውስጥ በሥራ ላይ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከተመረጡ ክፍት ቀኑን እንደሚፈቅዱ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ዳምጠው» አለች ውድነሽ፣ «ሰብሳቢው ዶክተር ልዑልሰገድ ለዶክተር ናርዶስ እንደሚሰጡ የታወቀ ነው። ከልኬት ክፍል የምትመጣዋም ለአለቃዋ ነው የምትሰጠው። ከክልል የሚመጡት ሰውዬ ግን ልጅ ሆነው ሩጫ አይተው ያውቃሉ አሉ። እሳቸው ለከፍያለው ናቸው። እኔ አለሁ። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

«እማ፣ እንዲህ አድርገሽ ሰው አትያዢ» አለች ኦብሴ።

«እንዴት አድርጌ ልያዝ?»

ኦብሴ ጫማውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አሥራ አንደኛ መሆኔ አይደለም የሚቆጨኝ። ሮጬ አሥራ አንደኛ ብወጣ ደስታዬ ነው። የቀደሙኝን አሥሩን ጀርባቸውን አየዋለሁ። አሁን እኮ ስቀደም አላይም፤ ተኝቼ ነው የምቀደመው።»

እነዚያን ሦስት ልጆች ያባረርኩ ሰው ነኝ። «እጄን አወጣለሁ» አልኩ። ውድነሽ ሳትጠይቀኝ ሁለተኛ ሻይ ቀዳችልኝ።

ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ስደርስ ውድነሽ ሰማያዊ የወረቀት ማስደገፊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ለዚያ ቀን ማንም ጸሐፊ አልተመደበም፤ ሰብሳቢው ምክትል ፕሬዝዳንቱ ዶክተር ልዑልሰገድ «ማስታወሻውን እኔው እይዛለሁ» ብለው ነበር። እሷንም ወረቀት አምጪ ያላት ሰው የለም።

«ፈርመው ይግቡ፣ አቶ ዳምጠው።»

«ዛሬ እኮ አባል ነዎት፣ ወይዘሮ ውድነሽ» አልኳት።

ሳቀች። «እግሬ ራሱ እዚህ በር ላይ ይዞኝ ይቆማል፤ ምን ላድርግ።»

ወረቀቱን አየሁት። የእሷ ፊርማ ከሁሉም ቀድሞ ተቀምጧል። ለሌላው ምሳሌ ለመሆን ሁልጊዜ እሷ ቀድማ ነው የምትፈርመው። ፈረምኩ። ከልኬት ክፍል የመጣችው ባለሙያ ፈረመች። ከክልል የመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን ፈልገው ስላጡት በግምት ፈረሙ። ዶክተር ልዑልሰገድ መጨረሻ ፈረሙና በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ የገቡት ዶክተር ናርዶስ እንግዳ ናቸው። የአርባ ዓመት ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው የሚያከብሩ። እሳቸውን ክፉ አድርጎ ማቅረብ ውሸት ይሆንብኛል። ሜዳው ላይ ሁለት መቶ አልጋ የሚይዝ አዳራሽ ለመሥራት ማሰባቸውን ተናገሩ።

«በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእኔ ክፍል አንድም ልጅ አልወደቀም» አሉ።

«የቆመ ከሌለ ማን ይወድቃል?» አሉ ከክልል የመጡት ሰውዬ።

ዶክተር ናርዶስ አልተቆጡም። «ልክ ነዎት። እኔ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ሲያለቅሱ የማገኛቸው በውጤታቸው አይደለም፤ ነገ ይቀየራል ብለው ተስፋ ስላደረጉ ነው። ያንን ተስፋ ብናነሳላቸው አንድም የሚያለቅስ አይኖርም።»

ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ ለእያንዳንዳችን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ።

አሰልጣኝ ከፍያለው ከቤታቸው በእግራቸው መጥተው ኖሮ ግንባራቸው በላብ ርሷል። የልኬት ባለሙያዋ ላቡን ስታይ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበች። ዶክተር ልዑልሰገድ ጠየቁ፦

«ሜዳው ተከፍቶ አንዲት ልጅ ብትወድቅስ?»

«ትነሳለች።»

«ባትነሳስ?»

አሰልጣኙ ላባቸውን ጠረጉ። ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ውስጤ ይዋሹ እያላቸው ነበር። «አንዷ አልተነሳችም» አሉ በመጨረሻ። «በ2046፣ ሃያ ሁለተኛው ዙር ላይ። ሲፈን ትባላለች። ልቧ ነው። አባቷን ፊት ለፊት ቆሜ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ በዚያ ሰውዬ ቤት በኩል አላልፍም። ስትወድቅ ሁለተኛ ነበረች። ማንም አላነበበላትም፤ ራሷ ታውቀው ነበር።»



«ብትመርጡኝ ሰኔ ሃያ ስምንት ሜዳውን እከፍታለሁ» አሉ። «ሐኪም አቆማለሁ፤ መሮጥ የፈራ አይሮጥም። አንድ ቀን ነው። በቀሩት ቀናት እንዳላችሁ አስተኟቸው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ዶክተር ልዑልሰገድ «አስተያየት ያለው?» ብለው ብዕራቸውን አነሱ። ውድነሽ እጇን አወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ክፍል ተቀምጣ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ልጄ ቡድኑ ውስጥ ናት» አለች። «አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ውጪ ካላችሁኝም እወጣለሁ።»

ማንም ውጪ አላላትም።

«እኔ የሰው ንግግር ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ መናገር አልችልበትም። ልጄ በተወለደች በዓመቷ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ስትድህ ትዝ ይለኛል፤ የሚይዛት አጥቼ ይዣት መጥቼ ነው። ተነስታ የሄደች ቀን ወዲያው ነው የሮጠችው፤ መራመድ የሚባለውን አላወቀችውም። እኔ ነኝ ተቀመጪ፣ ተኚ ያልኳት፤ ትማርልኝ ብዬ። አሁን አንድ ቀን ሩጪ ልላት እፈልጋለሁ። አሥራ አንደኛ ትውጣ። አሥራ አራተኛም ትውጣ። አንድ ቀን ቆማ ላያት።» ከዚያ «ይኸው ነው፤ ይመዝገብልኝ» ብላ ተቀመጠች።

ከክልል የመጡት ሰውዬ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ዶክተር ልዑልሰገድ ድምፅ አሰጡ። ለዶክተር ናርዶስ እሳቸውና የልኬት ባለሙያዋ እጅ አወጡ። ለአሰልጣኝ ከፍያለው ውድነሽ፣ የክልሉ ሰውዬና እኔ። እጄን ሳወጣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሁሉ በዚያ ግቢ ውስጥ ካደረግኩት ነገር ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው፤ አሁንም እላለሁ።

«ሦስት ለሁለት» አሉ ዶክተር ልዑልሰገድ። «መልካም። ምሳ እንብላ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ቃለ ጉባኤው ይነበባል።» ሲወጡ እጃቸውን ወደ ሰማያዊው ማስደገፊያ ዘረጉ። «ይህን ልያዘው?» አሉ። ውድነሽ አቀበለቻቸው፤ እንደ ልማዷ የብዕሩን ክዳን ገጥማ።

ምሳ አብረን በላን። የራሷን ጨርሳ ከእኔ ሳህን መጉረስ ጀመረች። መሃል ላይ ስልኳን አነሳችና «ጫማሽን መስኮት ላይ አውጪው፤ ፀሐይ ይንካው» አለች። ከስልኩ ውስጥ የኦብሴ ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማ። የክልሉ ሰውዬ በአጠገባችን ሲያልፉ የውድነሽን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ መኪና ይጠብቃቸው ስለነበር ከሰዓቱን አልቆዩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ባዶው ሞልቷል። «ኮሚቴው ሁለቱን ዕጩዎች በጥልቀት ከገመገመ በኋላ ዶክተር ናርዶስ እንግዳ የስፖርት ዳይሬክተር ሆነው እንዲሾሙ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል። ከሥሩ የአምስታችን ፊርማ አለ። የውድነሽ ከሁሉም ይቀድማል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ተሳስተው ነው?» አለች።

«አልተሳሳትኩም» አሉ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና። «የሁለቱም ዕጩዎች የብቃት ግምት ባለፈው ወር ከመቶ ተሰልቶ ጸድቋል፣ ወይዘሮ ውድነሽ። አሰልጣኙ አርባ አንድ፣ ዶክተር ናርዶስ ሰማንያ ስምንት። ኮሚቴ ግምትን አይሽርም።»

«ታዲያ ለምን ሰበሰቡን?»

«ለፊርማው።»

«እኔ ለዚህ አልፈረምኩም!»

«ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?»

«ነው።»

«ወረቀቱስ? እኔ ያምጡ ብያለሁ?»

ውድነሽ ወደ እኔ ዞረች። ዶክተር ልዑልሰገድም ዞሩ። «አቶ ዳምጠው፣ ፊርማው የእርስዎ ነው?» አሉኝ።

ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከአምስት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ የምኖርበት ቤትም የዩኒቨርሲቲው ነው። ይህን ሰበብ ላድርገው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ጡረታውም ቤቱም ትዝ አላለኝም። ፊርማዬን አየሁ፤ ፊርማዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊርማዬ ካለ እኔ ብያለሁ ማለት ነው ብዬ ኖሬያለሁ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«ዳምጠው! እጅህን አላወጣህም?» አለችኝ። ቢሮ ውስጥ አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አሠራሩ እኮ የእርስዎ ነው፣ ወይዘሮ ውድነሽ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ መናገሬን ማንም አልመዘገበውም። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ቀድማ፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ከግቢው በር ላይ መስኮቷ ይታያል። ጫማው ተሰድሮ ፀሐዩ ላይ ተቀምጧል፤ ማሰሪያው አዲስ ነው፣ ቢጫ። ቤቴ ገብቼ ግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ጠብቄ ነበር። የሰማሁት መስኮት ሲዘጋ ብቻ ነው።

ውድነሽ አቤቱታ አቀረበች። በአራተኛው ቀን መልስ መጣላት፦ ወረቀቱን ያዘጋጁት አመልካቿ ራሳቸው ስለሆኑ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም። ለክልሉ ሰውዬ ደወለች፤ «ፊርማዬን ልከውልኝ አየሁት፤ ምን ልበል እህቴ» አሏት። በአምስተኛው ቀን ደረጃ ላይ ተገናኘን። «እንደምን ዋሉ፣ አቶ ዳምጠው» ብላኝ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይም እርስዎ ነኝ።

አሰልጣኝ ከፍያለው ያንን የቆመ ሰዓታቸውን የስፖርት ቢሮው በር እጀታ ላይ አንጠልጥለው ሄዱ። ሰኔ ሃያ ስምንት እንደማንኛውም ቀን አለፈ። ወንበሮቹ ከሜዳው ተነስተው ቁፋሮ ተጀመረ።

ዶክተር ናርዶስ ሹመታቸው በጸና በሳምንቱ ውድነሽ ቤት ድረስ መጡ። በግድግዳው በኩል አብዛኛውን ሰምቻለሁ። ይቅርታ ጠየቁ። የኦብሴ ቁጥር እንደገና ቢታይ ዘጠነኛ ሊሆን እንደሚችል፣ እሳቸው ሊያስተካክሉት እንደሚችሉ ተናገሩ። ከልባቸው ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለች ኦብሴ። «ግን ያኔም ከፊቴ ያሉትን ስምንቱን አላያቸውም።»

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ብለው፣ ለማጽኛው ቀን ውድነሽ ወረቀቷን ይዛ እንድትቆም ጠየቋት። ያለ እሷ ሥነ ሥርዓቱ አያምርም አሉ። ውድነሽ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም።

ሰኔ ሠላሳ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰማያዊውን ማስደገፊያ ይዛለች። ተሰልፈን ነበር፤ በዚያ ዓመት የሚጸኑት ዘጠኝ ስፖርተኞች፣ ከዚያ እኔ፣ እንደ ኃላፊነቴ በምስክርነት የምፈርም። ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። አንዱ ፎቶው ላይ አገጩን እንዴት እንደሚይዝ ጓደኛውን ይጠይቃል። እየፈረሙ ገቡ። ማንም ቀና ብሎ ወረቀቱን አላየም።

ከእኔ ፊት ኦብሴ ነበረች። የዘወትር ልብሷን ነው የለበሰችው። ተራዋ ሲደርስ ብዕሩን ያዘችና ቆመች።

«እማ» አለች፣ «ይህ ከላይ ያለው ባዶ ምን ይጻፍበታል?»

በሃያ ሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሷ ናት። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜ ልካችንን ላንሮጥ በገዛ ፈቃዳችን ተስማምተናል የሚል ነው የሚጻፍበት። ውድነሽ ማስደገፊያውን ቀስ አድርጋ ወደ ደረቷ ሳበችው፤ በሁለት እጇ አቀፈችው። ከውስጥ አንባቢው ድምፅ ማጉያውን ሲሞክር ይሰማል። ለአፍታ ያህል አሳልፋ የምትሰጠው አልመሰለኝም።

ኦብሴ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ቂም አልነበረባትም። ታቅፌ ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ እንደ ልጅነቷ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ተመለሰች።

«ጋሽ ዳምጠው እየጠበቁ ነው፣ እማ» አለች።

አልቸኩልም ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልኩም።

ማስደገፊያውን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች፤ ጎንበስ ብላ ፈረመች፤ መልሳ አስያዘቻትና ገባች። ውድነሽ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ፈርመው ይግቡ» አለችኝ።

ብዕሩ ከኦብሴ እጅ ገና ሙቀት ነበረው። ከስሟ በታች ፈርሜ ገባሁ።